ገንዘቡ ከዶሃ ይመጣል፤ ቁልፉ ማን ዘንድ ይቀመጥ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ሁለት ወራት ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተጻፉ ሆነው አገኘናቸው፤ ጸሐፊዎቹ ግን እርስ በርስ የሚተዋወቁ አይመስለንም። ሁለቱ ኔፓልን በስም ጠቅሰው ጠይቀዋል። ሦስተኛዋ ባትጠቅስም ጥያቄዋ እዚያው የሚያደርስ ስለሆነ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለሦስቱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። በመንዝ መሐል ሜዳ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄ ዶሃ ውስጥ በአንድ ሆቴል በጽዳት ሥራ ትተዳደራለች። አብረዋት የሚሠሩት ኔፓላውያን ደመወዝ በተቀበሉ ሰሞን አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው፣ ስም እየተጠራና አንዱ በደብተር እየመዘገበ ገንዘብ እንደሚያዋጡ፣ በዚያም ገንዘብ መንደራቸው ድረስ የውኃ ቧንቧ እንዳስገቡ አጫውታኛለች። እኛም እዚህ፣ በውጭ የሚኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ለመሥራት ቃል ስለገቡልን ኮሚቴ አቋቁመናል። ለመሆኑ ኔፓላውያን እንዴት ይደራጃሉ? ከእነርሱ የምንወስደው ነገርስ ይኖራል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ልጅዎ ያየችው የአንድ ሆቴል ሠራተኞች ወግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የተካሄደው የኔፓል ሕዝብ ቆጠራ በአገር ውስጥ ካሉት 29 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሌላ ከ2 ሚሊዮን በላይ ኔፓላውያን ከአገር ውጭ እንደሚኖሩ መዝግቧል፤ ከውጭ የሚላከው ገንዘብም ባለፉት ዓመታት የአገሪቱን ዓመታዊ ጠቅላላ ምርት ሩብ ያህል ሲሆን ቆይቷል። ነገሩ የነዳጅ አገሮች ከበለጸጉ ወዲህ የመጣም አይደለም። ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት የተራራው ሰው ወታደር ሆኖ ለመቀጠር ወደ ላሆር ከተማ ይወርድ ስለነበር ወደ ውጭ ሄዶ የሚሠራን ሰው እስከ ዛሬ «ላሁሬ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1815 ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር «ጉርካ» እያለ ሲመለምላቸው የኖረው ከእነዚሁ ተራሮች ነው። በመንደሩ ደኅና ጣሪያ ያለው ቤት የጡረተኛ ላሁሬ ቤት ሆኖ የኖረበት ዘመን ረጅም ነው።

ይሁን እንጂ የተላከ ገንዘብ ሁሉ አገር ያለማል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 በኔፓል በተካሄደው የኑሮ ደረጃ ጥናት መሠረት ቤተሰብ ከውጭ ከሚቀበለው ገንዘብ ውስጥ ከመቶ 79 ያህሉ ለዕለት ፍጆታ፣ 7 ያህሉ ዕዳ ለመክፈል ይውል ነበር፤ ሀብት ለሚፈጥር ሥራ የሚውለው ከመቶ 3 እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ለመንደር ሥራ የሚዋጣው ገንዘብ ከቤተሰቡ ድርሻ ላይ ተቆንጥሮ የሚቀመጥ ትንሽ ገንዘብ ነው። ትንሽ በመሆኑም አንዲት ሪያል ብትጠፋ ሰው ይጠይቃል፤ በእኔ አስተያየት የጥንካሬው ምስጢር ይኸው ነው።

አሁን ወደ አደረጃጀቱ እንምጣ። በካትማንዱ ሸለቆ የሚኖሩት ኔዋሮች «ጉቲ» የሚሉት ማኅበር አላቸው። ከጉቲ ዓይነቶች አንዱ «ሲ ጉቲ» ይባላል፤ አባል ሲሞት ሬሳ መሸከም፣ ሬሳ የማቃጠሉን ሥርዓት ማስፈጸም፣ ሐዘንተኛውን ማገዝ የእርሱ ሥራ ነው። መንዝ ውስጥ ለማንም ይህን ብነግር «ይኼማ እድር ነው» ይለኛል፤ አልተሳሳተም። ጉቲ ግን በአደራ የተሰጠ መሬትም አለው፤ የመሬቱ ገቢ የቤተ መቅደስ ማደሻና የበዓል ማክበሪያ ስለሚሆን ሰንበቴንም የደብር መሬትንም በአንድ ላይ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 መንግሥት የጉቲን ይዞታ የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ባቀረበ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ካትማንዱ አደባባይ ወጥቶ ረቂቁን አስመልሷል። ኔዋሮች ወደ ለንደንም ሆነ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ይህንኑ ልማድ ይዘው ሄደዋል።

ሼርፓዎች ደግሞ «ኪዱግ» ይሉታል። ቃሉ ደስታና ሐዘን ማለት ነው። በኒውዮርክ ከተማ፣ በክዊንስ የሚኖሩት ሼርፓዎች በዚህ ስም ተደራጅተው፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የነበረ ሕንፃ ገዝተው መሰብሰቢያቸው አድርገውታል፤ በ2007 ዓ.ም. ኔፓልን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስም የእርዳታው ሥራ ከተከናወነባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው አዳራሽ ነበር። ከሙስታንግ ሸለቆ የወጡትና በንግድ የታወቁት ታካሊዎች ያስፋፉት «ዱኩቲ» ሳይለወጥ የእኛው እቁብ ነው፤ አንዳንዱ በዕጣ ይወጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቶሎ የቸገረው አባል ከድርሻው ላይ ለሌሎቹ የሚተወውን መጠን እየተናገረ እንደ ጨረታ ይወሰዳል። ልጅዎ ያየችው ደብተር ከእነዚህ ከአንዱ የመጣ ቢሆን አይደንቀኝም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን በውጭ ያሉትን ሳይሆን አገር ቤት ተቀምጦ የሚቀበላቸውን ወገን ነው። በጉሩንጎች መንደር «አማ ሳሙሃ» የሚባል የእናቶች ቡድን አለ። ላሁሬው ለእረፍት ሲመጣ እናቶቹ የአበባ ጉንጉን ባንገቱ ያጠልቁለታል፣ ይዘፍኑለታል፣ ይጨፍሩለታል፤ እርሱም በእጁ የያዘውን ይሰጣል። እናቶቹ የሰበሰቡትን የእግረኛ መንገድ በድንጋይ ለማንጠፍ፣ መጸዳጃ ቤት ለመሥራትና ለመሳሰለው ያውሉታል። ሰጪው በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ በዚያው መንገድ ላይ ይሄዳል፤ ከዚህ የበለጠ የሒሳብ ሪፖርት የለም። ማኅበሩ ውጭ አገር ብቻ ቢኖርና መንደሩ ውስጥ ተቀባይና ጠባቂ ባይኖረው ግማሽ ማኅበር ነው።

በዘመናዊ መንገድ ከተደራጁት መካከል «ሄልፕ ኔፓል ኔትዎርክ» ሊጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ለንደን ውስጥ ሲጀመር እያንዳንዱ አባል በወር አንድ ዶላር ብቻ እንዲያዋጣ ጠይቆ፣ ገንዘቡ ለትምህርትና ለጤና ሥራ እንዲውል አድርጓል። እኛም በ2010 ዓ.ም. ዳያስፖራው በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ጥሪ ቀርቦ የትረስት ፈንድ እንደተቋቋመ ያስታውሳሉ። የኔፓሉ ጥሪ በወር፣ የእኛው በቀን ነበር። በዓመት 12 ዶላር የጽዳት ሠራተኛዋም አታጣም፤ 365 ዶላር ግን ዶሃ ላለችው ልጅዎ ብዙ ነው። መዋጮ ሲወሰን የሚታየው የሀብታሙ አቅም ከሆነ ድኻው ያፍርና ይቀራል፤ ድኻው ሲቀር ደግሞ ማኅበሩ የጥቂቶች ይሆናል።

ትልቁ ጥላ በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ካትማንዱ ላይ የተመሠረተው በውጭ የሚኖሩ ኔፓላውያን ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ሊቀመንበር በሩሲያ ንግድ የበለጸጉት ኡፔንድራ ማሃቶ ነበሩ። ማኅበሩ በየአገሩ ቅርንጫፍ ሸንጎ አለው፤ ለሕግ መከበርና ለመብት ብዙ ሠርቷል፤ ይህን በሁለተኛው ጥያቄ እመለስበታለሁ። ወደ ግንባታ በገባ ጊዜ የደረሰበትን ግን እርስዎና ኮሚቴዎ ልብ ብላችሁ ብታዩት መልካም ነው።

ቅዳሜ ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ በጎርካ ወረዳ ባርፓክ በተባለ መንደር አካባቢ የተነሣ 7.8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ኔፓልን መታ፤ ግንቦት 4 ቀን ደግሞ 7.3 የተለካ ሌላ ተከተለው። 9 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፈረሱ። ዕለቱ ቅዳሜ ሆኖ ተማሪ ስላልነበረባቸው እንጂ የፈረሱት የመማሪያ ክፍሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዓለም ዙሪያ ያሉ ኔፓላውያን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገንዘብ፣ ድንኳን፣ ሐኪም አሰባስበው ላኩ። በዚያው ሰሞን የአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ ከአደጋው በኋላ ለእርዳታ ወደ ተከፈቱ ሒሳቦች የሚገባው ገንዘብ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአደጋ ፈንድ ይዛወራል የሚል ማስታወቂያ ስላወጣ ሰጪዎች ደነገጡ፤ ባንኩ ኋላ ማብራሪያ ቢሰጥም ብዙዎች ገንዘባቸውን ወደሚያውቁት ሰውና ወደ ራሳቸው መንደር መላክን መረጡ።

ማኅበሩም ከባርፓክ አጠገብ ላለችው ላፕራክ ለተባለች የጉሩንጎች መንደር 1,000 ቤቶች እሠራለሁ ሲል ቃል ገባ። የላፕራክ ነባሩ ቦታ መሬቱ የሚንሸራተት በመሆኑ አዲሱ ሰፈር ከመንደሩ በላይ፣ ጉፕሲ ፓካ ከተባለ ደጋ ላይ ተመረጠ። ሥራው ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ የቆሙት ቤቶች ከ500 ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። ቤቶቹ አንድ ዓይነት ሆነው በሰልፍ የተደረደሩ ናቸው፤ ቦታው ነፋስና ብርድ ይበረታበታል፤ እርሻውና ከብቱ የቀሩት ደግሞ ታች፣ በአሮጌው መንደር ነው። በዚህም የተነሣ ቤት ተሰጥቶት የማይኖርበት ሰው ብዙ ሆነ። ብርድን ለመንዝ ሰው አላስረዳም፤ ባና ተከናንቦ ያደገ ሰው፣ ግድግዳው የሳሳ ቤት ደጋ ላይ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ሰጪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ቤቱን ያሰቡት ግን ከጎተራውና ከበረቱ ነጥለው ነበር።

ስለ ቤተ መጻሕፍትዎ ደግሞ ያየሁትን ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በሰሜን ሸዋ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር፤ ስሙን መጥራት አልፈልግም። በውጭ የሚኖሩ ተወላጆች ያሠሩት፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ሦስት መስኮት ያለው ቤተ መጻሕፍት ግቢው መካከል ቆሟል። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ ዝጓል። መስኮቱን በእጅጌዬ ጠርጌ ወደ ውስጥ ስመለከት ካርቶኖቹ እንደ መጡ አልተፈቱም፤ ከተከፈተው ከአንደኛው የሚታየው የእንግሊዝኛ የሕክምና መጽሐፍ ነው። ቁልፉን የያዘው መምህር ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ነበር። ርእሰ መምህሩ «ለሕንፃው የሚሰጥ ሞልቷል፤ በወር ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሚሰጥ ግን የለም» አሉኝ።

ስለዚህ ኮሚቴዎ ለተወላጆቹ ደብዳቤ ሲጽፍ ስለ ሕንፃው ሦስት መስመር፣ ስለ ሠራተኛው ደመወዝ፣ ስለ መጻሕፍቱ ዝርዝርና ስለ ቁልፉ ግን ሙሉ ገጽ ቢጽፍ ደስ ይለኛል። መጻሕፍቱን የሚመርጡት በክፍሉ የሚያስተምሩት መምህራን ይሁኑ እንጂ መላክ የሚቀለው አይሁን። ገንዘብ ያዡ ከኮሚቴው አንዱ ስለሚሆን፣ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ንባቡም በስልክ ተቀርጾ ዶሃም ዋሽንግተንም ላለው ይላክ። አባቶቻችሁ የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት፣ ለዓመታት ዘግተው ጠብቀው፣ በሚከፈትበት ቀን ለሁሉ ያካፍሉ ነበር፤ አንድ የመጻሕፍት ክፍል መጠበቅ ለእናንተ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምኖር ነጋዴ ነኝ። ወንድሜ የአሜሪካ ዜግነት ከወሰደ በኋላ እዚህ ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚያመርት ድርጅት አብረን ለመክፈት አስበን፣ ቢጫ ካርድ ለማውጣት እየተዘጋጀ ነው። የኔፓል መንግሥት ለዳያስፖራው ጥምር ዜግነት ሰጥቷል የሚባለው እውነት ነው? መምረጥስ ይችላሉ?

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። ኔፓልም እንደ እኛ የራሷ የዘመን አቆጣጠር አላት፤ የእነርሱ ግን ከአውሮፓውያኑ በ57 ዓመት ገደማ ይቀድማል። ስለዚህ «የ2064 ሕግ» ሲባል ቢሰሙ እንዳይደነግጡ፤ በእኛ 2000 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ያ ሕግ በውጭ ለሚኖሩ ኔፓላውያንና ለትውልደ ኔፓላውያን መታወቂያ እንዲሰጥ ፈቅዷል፤ ባለ መታወቂያው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ገንዘቡን ያፈስሳል፣ በተወሰነ ልክም መኖሪያ ይገዛል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የእኛው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ወንድምዎ የሚያወጣው ቢጫ ካርድ፣ ለዚህ የቀረበ ነው።

በውጭ የሚኖሩ ኔፓላውያን ማኅበር ግን በመታወቂያ አልረካም፤ «አንዴ ኔፓላዊ የሆነ ሁልጊዜም ኔፓላዊ ነው» እያለ ዜግነት ሲጠይቅ ቆየ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት በ14ኛው አንቀጹ ጥያቄውን በግማሽ መለሰለት፦ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኔፓላዊ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ያሉት ዜግነት ሊሰጠው ይችላል፤ የፖለቲካ መብት ግን የለውም። አይመርጥም፣ አይመረጥም ማለት ነው። አንቀጹ ሥራ ላይ የሚውልበት የዜግነት ሕግ ማሻሻያ እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ድረስ ተጓተተ። በሌላ በኩል፣ የኔፓልን ዜግነት እንደያዙ በውጭ የሚሠሩት ድምፅ የሚሰጡበት መንገድ እንዲመቻች የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዟል።

አንድ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፦ ሕጉ የደቡብ እስያ የትብብር ማኅበር አባል በሆኑ አገሮች የሚኖሩትን አይጨምርም። ይህ በተግባር ሕንድ ያለውን እጅግ ብዙ ኔፓላዊ ማስወጣት ነው፤ ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1950 በተፈራረሙት ውል መሠረት ድንበራቸው ክፍት በመሆኑ ድኻው የሚሄደው ወደዚያ ነው። የለንደኑ ነጋዴ በሕጉ ሲታወቅ የዴልሂው ዘበኛ አልታወቀም። ማኅበሩም ራሱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የአገር ቤት ፓርቲዎች እጃቸውን እያስገቡበት በአመራር ምርጫው መከፋፈል ደርሶበታል፤ ሊቀመንበርነት ወደ ሥልጣን መረማመጃ በመሰለበት ቦታ ሁሉ የሚሆነው ይኸው ነው።

ስለ ገንዘቡ ካነሡ አይቀር፣ ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2010 በውጭ ለሚሠሩ ዜጎቿ የቁጠባ ቦንድ አቅርባ የተሸጠው ከቀረበው እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነበር። ቦንዱን ያወጡት ሰዎች ሠራተኛው ካምፕ ድረስ ሄደው በቋንቋው አላስረዱም፤ የደላላ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ ዕዳውን ይከፍላል። ወንድምዎ ከእርስዎ ጋር ለመሥራት ከመጣ የሚያምነው እርስዎን ስለሆነ፣ የሽርክና ውሉን በውልና ማስረጃ ማጽደቁን አትርሱ፤ በወንድማማች መካከልም ቢሆን።

ጥያቄ፦ እኔ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ቤይሩት አምስት ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። በውጭ ያሉት ተደራጅተው አገር ይረዳሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ተመልሰን የመጣነውን ግን የሚያደራጀን የለም። እኛ ራሳችን ብንደራጅ ምን ልንሠራ እንችላለን?

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። ጥያቄሽ ከሦስቱ አጭሩ ነው፤ ለእኔ ግን ከባዱ እርሱ ነው።

ካትማንዱ ውስጥ «ፖውራኪ» የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ያቋቋሙት ከውጭ ሠርተው የተመለሱ ሴቶች ናቸው። ሊሄዱ የተዘጋጁትን ስለ ውላቸው ይመክራሉ፣ ታመው ወይም ተጎድተው ለሚመለሱት ማረፊያ ይሰጣሉ፣ ደመወዝ የተከለከለችውን አቤቱታዋን አብረው ይጽፋሉ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ተመላሾች ያቋቋሙት የስደተኛ ኔፓላውያን አስተባባሪ ኮሚቴ የሚባል ሌላ ድርጅት ተጨመረ። የኔፓል መንግሥት ከሚሄደው ሠራተኛ ሁሉ ከጉዞው በፊት ለድጋፍ ፈንድ መዋጮ ስለሚሰበስብ፣ ሠራተኛው ውጭ ቢሞት ወይም ቢጎዳ ቤተሰቡ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሆኖም ፎርሙን መሙላት የማትችል የገጠር እናት ብዙ ናት። ተመላሾቹ ከጎኗ ይቀመጡና ይሞሉላታል።

ኔፓልም እንደ እኛ ሴቶቿ ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት እንዳይሄዱ በተደጋጋሚ ከልክላለች፤ የእኛው እገዳ በ2006 ዓ.ም. ወጥቶ በ2010 ዓ.ም. እንደተነሣ ታስታውሻለሽ። በእገዳው ዘመን በሕንድ በኩል እየሾለኩ የሄዱት የኔፓል ሴቶች የሥራ ፈቃድ ስላልነበራቸው ከፈንዱም ተከለከሉ። ይህን አስቀድመው የተናገሩት ተመላሾቹ ነበሩ፤ መንገዱን በእግራቸው ያውቁታልና።

ሸዋ ሮቢት ላይ አምስት ወይም ስድስት ሆናችሁ መጀመር ትችላላችሁ፤ ቢሮም ማኅተምም ለጊዜው አያስፈልጋችሁም። ገበያ በሚቆምበት ቀን በአንድ በተወሰነ ቦታ ብትቀመጡና ልትሄድ ያሰበች ልጅ ውሏን ይዛ መጥታ እንድታነብቡላት ብታደርጉ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ሁለተኛው ነገር ደብተር ነው፤ ከቀበሌያችሁ የሄዱትን ስም፣ የሄዱበትን አገር፣ የአሠሪውንና የኤጀንሲውን ስልክ፣ የፓስፖርት ቁጥርና የቤተሰብ አድራሻ መዝግቡ። ልጅ ስትጠፋ እናት መጀመሪያ የምትጠየቀው እነዚህን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ያላት የልጅቱ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ደብተሩ ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ በአንቺ፣ ሌላው ከሥራ አትዛወርም ብላችሁ በምታምኗት ሴት እጅ ይሁን።